የወንዞች ጸሐፊ እስከዳር ጓንጉል እና የመሳለሚያው ቦኖ

ወይዘሮ እስከዳር ጓንጉል ከአባታቸው ከአቶ ጓንጉል ውብሸትና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሸዋርካብሽ ተሰማ ሐምሌ 19 ቀን 1981 ዓ.ም. በአዲስ አበባ፣ መሳለሚያ፣ እናታቸው እስከ ዛሬ በሚኖሩበት ግቢ ተወለዱ። ዕለቱ ቅዱስ ገብርኤል ነበር፤ ዝናቡ ከጠዋት ጀምሮ አላባራ ብሎ መንገዱ ሁሉ ጎርፍ ሆኗል። አዋላጇ ጎርፉን ዞረው እስኪደርሱ እስከዳር ቀድመው ተወልደው፣ አልቅሰው ጨርሰው፣ ዓይናቸውን አፍጥጠው ጣሪያውን ያዩ ነበር። ችኩል ሆነው መጡ፤ ችኩል ሆነውም አደጉ።

አባታቸው ከጎጃም ከቢቸና የመጡ የጭነት መኪና ሹፌር ነበሩ። እናታቸው ደግሞ ከሸዋ ከቡልጋ በሰባት ዓመታቸው አክስታቸው ዘንድ መጥተው እዚሁ መሳለሚያ ያደጉ ናቸው። አቶ ጓንጉል ከመንገድ በተመለሱ ቁጥር ለልጃቸው ይዘው የሚመጡት የወንዝ ስም ነበር። አባት ገና ጫማቸውን ሳያወልቁ ልጅ በር ላይ ይይዟቸዋል።

«አባ፣ አሁን ስንት ወንዝ ተሻገርክ?»

«አራት።»

«ጥራቸዋ!»

«ዓባይ፣ ጨሞጋ፣ ተምጫ፣ ብር።»

«ስትመለስስ?»

«ስመለስም እነሱው ናቸው፤ የት ይሄዳሉ?»

«እንደገና ተሻግረሃቸዋላ! ስምንት ነው።»

በ1988 ዓ.ም. በሰፈራቸው ባለ የመንግሥት ትምህርት ቤት አንደኛ ክፍል ገቡ። ከፍ ብለው ጂኦግራፊ ሲጀምሩ መምህሩ የአገራችንን ካርታ ግድግዳ ላይ ሰቀሉ። እስከዳር ወንበራቸው ላይ ቆመው ካርታውን ከላይ እስከ ታች ፈተሹና «ጨሞጋ የለም» አሉ። መምህሩም ትናንሽ ወንዞች በዚህ ካርታ ላይ እንደማይጻፉ አስረዷቸው። እስከዳር ቤት መጥተው ምሳ አልበላም አሉ። «ትንሽ ስለሆነ ይቀራል እንዴ?» እያሉ እናታቸውን አስጨነቁ። እናታቸው በዚያን ጊዜ ፊደል አልቆጠሩም ነበርና ካርታ ምን እንደሚመስል እንኳ በውል አያውቁም። «ነገ ሄጄ መምህሩን አናግራቸዋለሁ» ብለው አባበሏቸው እንጂ አልሄዱም፤ ሄደው ምን እንደሚሉም አያውቁም ነበር።

አባታቸው በ1998 ዓ.ም. በሕመም ምክንያት ሲያርፉ እስከዳር የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ነበሩ። ትምህርታቸውን ግን አላቋረጡም። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በ1999 ዓ.ም. አጠናቀው፣ በ2002 ዓ.ም. በንብረት አስተዳደር በዲፕሎማ ተመረቁ። በ2003 ዓ.ም. መርካቶ ሶማሌ ተራ በሚገኘው በአቶ ሶሬሳ የመኪና መለዋወጫ ሱቅ ተቀጠሩ። በሁለት ወር ውስጥ የትኛው መደርደሪያ ላይ የትኛው ኩሽኔታ፣ የትኛው ካንዴላ እንዳለ ዓይናቸውን ጨፍነው ያወጡ ነበር። ገዢ ዕቃውን በስሙ መጥራት ሲያቅተው በድምፁ ይነግራቸዋል፤ «ዳገት ላይ ጢጢጢ የሚለው» ሲላቸው እስከዳር ዕቃውን አውጥተው ያቀርቡለታል። አቶ ሶሬሳ ሰው ሁሉ እየሰማ «ይቺ ልጅ ካልመጣች ሱቁን አልከፍትም» ይሉ ነበር።

አሁን የምንደርሰው እስከዳርን እስከዳር ወዳደረገው ሥራ ነው። በጥቅምት ወር 2005 ዓ.ም. አንድ ከገጠር የመጡ አባት ባሌስትራ፣ ያ ከመኪናው ሥር ጭነቱን የሚሸከመው ተደራራቢ ብረት፣ ምን እንደሆነ፣ ለምን እንደሚሰበርም ጠየቋቸው። እስከዳር በሱቁ ኮምፒውተር ላይ በአማርኛ የተጻፈ ማብራሪያ ቢፈልጉ አንዲት መስመር አላገኙም። ሲፈልጉ ሲፈልጉ ግን ማንም ሰው በነፃ የሚያነበው፣ ማንም ሰው በፈቃደኝነት የሚጽፈውና የሚያርመው የኢንተርኔት መዝገበ ዕውቀት አገኙ። ባሌስትራ እዚያም የለም። ጨሞጋ የለም። ሙገርም የለም። በገጹ አናት ላይ ግን «አርም» የምትል ቃል ነበረች። ነኳት። ተከፈተች። ማንም አልከለከላቸውም! «ሙገር የዓባይ ገባር ወንዝ ነው» ብለው ጻፉ። አምስት ቃል ብቻ ነበረች። ከሥሯም ያነበቡበትን መጽሐፍ ስም አኖሩ።

ያን ቀን ከሶማሌ ተራ መሳለሚያ ድረስ እየሮጡ ነው የመጡት። እናታቸው ጠብ የተነሳ መስሏቸው ደንግጠው ከደጅ ወጡ።

«እማ! ጻፍኩ! ዓለም ሁሉ ያየዋል!»

«ምን ብለሽ ነው የጻፍሽው? ስምሽን ጻፍሽ?»

«‹የጓንጉል ልጅ› ብያለሁ።»

«ኧረ በስመ አብ! የቤት ቁጥራችንንስ?»

«እማዬ፣ ሙገርን ነው የጻፍኩት። ወንዝ የቤት ቁጥር የለውም።»

እናታቸው ለብዙ ወራት በሩ በተንኳኳ ቁጥር «ስለ ወንዙ ሊጠይቁ መጡ» እያሉ ይሰጉ ነበር። ማንም አልመጣም። እስከዳር ግን በየምሳ ሰዓቱ፣ በየበዓሉ፣ ሱቅ ገዢ ባጣበት ሰዓት ሁሉ መጻፋቸውን ቀጠሉ። ወንዞችን ጻፉ፤ ከየት እንደሚነሱ፣ በየት እንደሚያልፉ፣ ከማን ጋር እንደሚገናኙ። ቀጥሎ የመኪና ዕቃዎችን ጻፉ፤ ከፍሪሲዮን እስከ ማርሚታ፣ ከቴስታታ እስከ ካምቢዮ። ሰዉ በጣሊያንኛ የሚጠራውን፣ በአማርኛ የሚያስረዳው ያጣውን ሁሉ ጻፉት። ለእያንዳንዱም ፎቶግራፍ ያነሱለት ነበር። የእናታቸውን ነጭ ነጠላ ይዘው ሄደው፣ አቶ ሶሬሳ ከኋላ እንዲዘረጉላቸው አድርገው፣ ዕቃውን ፊት ለፊት አቁመው ያነሱታል። አቶ ሶሬሳ ክንዳቸው ሲዝል «የሙሽራ ፎቶ ነው እንዴ? ካንዴላ እኮ ነው!» ይላሉ። እስከዳርም «ጋሼ ሶሬሳ፣ ትንሽ ከፍ ያድርጉት፣ ጥላ ገባበት» ይሏቸዋል። ነጠላው ግሪስ ነክቶት መልሶ አልነጣም።

ትዳራቸውም የመጣው በወንዝ ነው። በ2007 ዓ.ም. አቶ ቶማስ ኃይለልዑል የሚባሉ የአገር አቋራጭ አውቶብስ ሹፌር ፍሪሲዮን ሊገዙ ወደ ሱቁ ገቡ።

«በየት በየት ነው የሚነዱት?» አሏቸው እስከዳር ዕቃውን እየጠቀለሉ።

«በጎጃም በኩል፣ ጎንደር።»

«ድልድይ ላይ ይቆማሉ?»

«ድልድይ ላይ መቆም ክልክል ነው።»

«ድልድዩን አለፍ ብለውስ?»

አቶ ቶማስ በሚቀጥለው ጉዞ ተምጫን አለፍ ብለው አውቶብሱን አቆሙና ወርደው በስልካቸው ፎቶ አነሱ። ተሳፋሪው በመስኮት «ሹፌር፣ ጎማ ነው እንዴ?» ብሎ ጮኸ። «ወንዝ ነው፤ የታዘዝኩት ነው» አሉ። ከዚያ በኋላ ከሚሻገሩት አንዱንም ወንዝ ፎቶ ሳያነሱ አላለፉም። የጎንደር ተሳፋሪም ለምዶት «አሁን ደግሞ የትኛው ነው?» እያለ አብሮ ይወርድ ጀመር። ጥር 13 ቀን 2009 ዓ.ም. በአማኑኤል ቤተ ክርስቲያን ጋብቻቸውን ፈጸሙ፤ በ2010 ዓ.ም. ሶሊ የተባለች ሴት ልጅ ወለዱ።

የሥራቸውን ብዛት እናታቸው ለማመን ተቸግረው ሦስት ጊዜ አስቆጥረዋል። እስከዳር በአሥራ ሦስት ዓመት ገደማ ውስጥ 447 ጽሑፎችን ጀምረዋል። ከእነዚህ 212ቱ ስለ ወንዞች፣ 94ቱ ስለ መኪና ዕቃዎች፣ የቀሩት ስለ መርካቶ ተራዎች፣ ስለ ምንጮች፣ ስለ ድልድዮችና ስለ ልዩ ልዩ ነገሮች ናቸው። ሌሎች የጻፉትን ያረሙት ከአሥራ አንድ ሺህ ጊዜ በላይ ነው። አንድ ጊዜ አንድ ጎረምሳ የጨሞጋን ጽሑፍ ሙሉ በሙሉ አጥፍቶ በቦታው የሚወዳትን ልጅ ስም ሃያ ጊዜ ጻፈበት። እስከዳር ወንዙን መለሱና ለልጁ መልእክት አኖሩለት። «ወንድሜ፣ ፍቅርህን እግዚአብሔር ያስምርልህ። ወንዙን ግን ተውልን» አሉት። ልጁ አፍሮ ይቅርታ ጠየቀ፤ ቆይቶም የራሱን አገር ምንጮች መጻፍ ጀመረ። እስከዳር ይህን ሲያወሩ ከሳቃቸው ብዛት ዓይናቸው ያነባ ነበር።

ከዚህ ሁሉ ሥራ ውስጥ አንዲት ጽሑፍ ግን እንቅልፍ ነሳቻቸው። እሷም የመሳለሚያው ቦኖ ናት። ቦኖ ማለት ቧንቧ በየቤቱ ሳይገባ በፊት ሰፈሩ ሁሉ እየተሰለፈ የሚቀዳበት የጋራ ውሃ ነው፤ የመሳለሚያውም ቦኖ በሰፈሩ ሰው አፍ «የአልጋነሽ ቦኖ» ይባል ነበር። እስከዳር በ2006 ዓ.ም.፣ ገና ጀማሪ ሳሉ፣ ስለዚህ ቦኖ ሊጽፉ ፈልገው እናታቸውን ጠየቁ። አልጋነሽ ደስታ እናታቸውን ያሳደጉት አክስት ናቸው፤ ቦኖውንም ይጠብቁ ነበር። እናታቸው ያኔ ማንበብ የማይችሉ ሰው ነበሩና፣ ልጃቸው ጠይቃቸው፣ የሚናገሩትንም ስትጽፈው አይተው የተሰማቸውን ደስታ መቆጣጠር አልቻሉም። ወሬውን አሳመሩት። «ማዘጋጃ ቤት ሄደው፣ አቤት ብለው፣ ውሃውን ለመሳለሚያ ያስመጡት አክስቴ አልጋነሽ ናቸው» አሉ። እስከዳርም ምንጭ ሳይጠይቁ ጻፉት። እናት ትዋሻለች ብሎ ማን ያስባል?

ጽሑፉ አልቆመም፤ ሄደ። በ2010 ዓ.ም. አንድ ጋዜጣ ስለ መርካቶ አሮጌ ቦኖዎች ሲጽፍ ይህንኑ ቃል በቃል ገለበጠው። በ2012 ዓ.ም. ደግሞ አንድ የሬዲዮ ጣቢያ ወይዘሮ ሸዋርካብሽን ጋብዞ ስለ አክስታቸው አስወራቸው። ያን ቀን እድርተኛው ሁሉ ሬዲዮ ከፍቶ ነበር፤ ጎረቤት እልል ብሏል። ከዚያም ሌላ ሰው ገብቶ በመዝገበ ዕውቀቱ ላይ ጋዜጣውንና ሬዲዮውን ምንጭ ብሎ ጻፈባቸው። ወሬው ከእናት ወደ ልጅ፣ ከልጅ ወደ ጋዜጣ ሄዶ፣ ከጋዜጣው ተመልሶ ለልጅ ማስረጃ ሆኖ መጣ።

በ2013 ዓ.ም. ወይዘሮ ሸዋርካብሽ በ61 ዓመታቸው በወረዳው የጎልማሶች ትምህርት ተመዘገቡ። ያስመዘገቧቸው እስከዳር ናቸው። «የጻፍኩትን ለምን ሌላ ሰው ያነብልሻል?» ብለው ደብተርና እርሳስ ገዝተው፣ እጃቸውን ይዘው ወሰዷቸው። እናት መጀመሪያ ያነበቡት የልጃቸው ጽሑፍ ሙገር ነው። አምስቱን ቃል ለማንበብ ከሰዓቱን በሙሉ ፈጀባቸው። ሲጨርሱ እስከዳር አጨበጨቡ።

በኅዳር ወር 2015 ዓ.ም. ሳምራዊት የምትባል ወጣት በእጇ የቆርቆሮ ሣጥን ይዛ ሶማሌ ተራ ሱቁ በር ላይ ቆመች።

«እስከዳር የምትባለው አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ። ምን ልታዘዝ?»

«አያቴን ከቦኖዋ ያባረርሻት አንቺ ነሽ?»

አቶ ሶሬሳ ከውስጥ ሆነው «ዕቃ ፈልገሽ ከሆነ ግቢ፤ ጠብ ፈልገሽ ከሆነ ምሳ እንብላና ነይ» አሏት። ሳምራዊት ግን ሣጥኑን ከፈተችው። ውስጡ በኅዳር 1949 ዓ.ም. ለማዘጋጃ ቤቱ የተጻፈ የአቤቱታ ቅጂ ነበር። «አመልካች ሠርኬ ወልዴና አርባ የመሳለሚያ ሴቶች፤ ውሃ ርቆብናልና ይተከልልን» ይላል። ከሥሩ አርባ አንድ ስም፣ በየስሙም ፊት አርባ አንድ የአውራ ጣት አሻራ አለ። የሳምራዊት አያት ሠርኬ አንደኛ ናቸው። እስከዳር በጣታቸው ወደ ታች ሲወርዱ አሥራ ሰባተኛ ላይ «አልጋነሽ ደስታ» የሚለውን አገኙ።

ሳምራዊት የሚያለቅሱ ወይም የሚቆጡ መስሏት ነበር። እስከዳር ግን ዘለሉ! «አርባ አንድ ሴቶች! ጋሼ ሶሬሳ፣ ይምጡ ይዩ፣ አርባ አንድ አሻራ!» እያሉ ሱቁን አናወጡት። ሳምራዊትን አቅፈው «የት ነበርሽ እስከዛሬ? ቁጭ በይ፣ ሁሉንም ንገሪኝ» አሏት። ሠርኬ ቦኖውን ሰባት ዓመት ጠብቀው በ1956 ዓ.ም. ሲያርፉ፣ ጥበቃውን አልጋነሽ እንደተረከቡ ያን ቀን ሰሙ። እናታቸው ልጅ ሆነው መሳለሚያ ሲመጡ ሠርኬ አርፈዋል፤ ያዩት አልጋነሽን ብቻ ነው።

እስከዳር ወረቀቱን ተውሰው ወደ እናታቸው ሄዱና ፊታቸው ዘረጉት።

«እማ፣ አንብቢልኝ።»

እናታቸው ጣታቸውን እያስከተሉ አንድ በአንድ አነበቡ። አሥራ ሰባተኛው ላይ ቆሙ።

«ይሄ ሌላ አልጋነሽ ይሆናላ።»

«የአባቷን ስም አንብቢው።»

አነበቡት። ከዚያ ወረቀቱን ገፉት።

«እኔ በሬዲዮ ተናግሬ! እድርተኛው ሰምቶ! አሁን አክስቴን ሌባ ልታደርጊያት ነው?»

«ሌባ ማን አላት? አሥራ ሰባተኛ ናት። እማ፣ አሥራ ሰባተኛ መሆን እኮ ትልቅ ነገር ነው።»

«ለአንቺ ነው ትልቅ!»

እስከዳር በማግስቱ ምሳ ሰዓት ላይ ጽሑፉን አረሙት። በሁለተኛው ቀን እርማታቸው ተሰረዘ። የሰረዙት አቶ ዘመንፈስቅዱስ የሚባሉ፣ በባሕር ዳር የሚኖሩ፣ በመዝገበ ዕውቀቱ አንጋፋ የሆኑ ጸሐፊ ናቸው። በውይይቱ ገጽ ላይ ሁለቱ የተጻጻፉት ዛሬም ይነበባል።

«እህቴ፣ ጋዜጣ ያለውን በምን ሰረዙት?» ይላሉ አቶ ዘመንፈስቅዱስ።

«ጋዜጣው የቀዳው ከእኔ ነው፤ ቀኑን ያመሳክሩ። እኔ የሰማሁት ከእናቴ ነው። እናቴ ተሳስተዋል።»

«እናትዎ እኮ በሬዲዮም ተናግረዋል።»

«እሱም ያው እናቴ ናቸው።»

«ወረቀቱን አምናለሁ። ግን በሣጥን ያለ ወረቀት ማንም ሊያየው አይችልም። ተናጋሪዋ ራሳቸው በታተመ ነገር ላይ ያስተባብሉ፤ ያን ጊዜ እኔው ራሴ አስተካክለዋለሁ።»

ስለዚህ ነገሩ በእናታቸው አፍ ላይ ቆመ። እስከዳር አንድ ጋዜጠኛ አገኙ፤ «እናትዎ ይናገሩ እንጂ እኔ አወጣዋለሁ» አላቸው። እናታቸው እምቢ አሉ። በ2015 ዓ.ም. ለፋሲካ ጠየቋቸው፤ እምቢ አሉ። በ2016 ዓ.ም. ለእንቁጣጣሽ ጠየቋቸው፤ ያን ጊዜ እናታቸው «እኔ ሞቼ ስቀበር ታስተካክይዋለሽ!» ብለው ጮኹባቸው። እስከዳር ሳቁ። «እንግዲያውስ አትቸኩይ፤ ቦኖው አይሄድም» አሉና ግንባራቸውን ሳሟቸው። ከዚያ በኋላ አንድም ቀን አንስተውባቸው አያውቁም። ሳምራዊትን ግን በየወሩ ይጠይቋት ነበር፤ የአርባ አንዱን ሴቶች ስምም አንድ በአንድ በደብተራቸው ገልብጠው፣ የሃያ ዘጠኙን ቤተሰብ ፈልገው አግኝተዋል። አንዷን ለማግኘት ሦስት ጊዜ አየር ጤና ሄደዋል። ሲያገኟቸው ከመንገድ ደውለው «እማ፣ ቁጥር ሠላሳ ሁለት በሕይወት አሉ! ዘጠና አንድ ዓመታቸው ነው! አሻራቸውን አስታወሱት!» ብለው ሲጮኹ፣ እናታቸው የቦኖውን ነገር ረስተው አብረው እልል አሉ። ስልኩን ከዘጉ በኋላ ነው ያፈሩት።

እስከዳር በጥር ወር 2017 ዓ.ም. በካንሰር ሕመም ተያዙ። በሕክምናው ሁሉ ጊዜ ሥራቸውን አልተዉም። አልጋ ላይ ሆነው የደም ሥሮችን ጽሑፍ ማረም ጀመሩ፤ «ወንዝ ነው እኮ፣ እዩት፣ ገባር አለው» እያሉ ነርሶቹን ያስቁ ነበር። የመጨረሻ ሥራቸውን የሠሩት መስከረም 29 ቀን 2018 ዓ.ም. ነው፤ ባለቤታቸው አቶ ቶማስ ያመጡላቸውን የአንድ ትንሽ ጅረት ፎቶግራፍ በቦታው አኑረዋል። እናታቸው አጠገባቸው ተቀምጠው ነበር። ስለ ቦኖው ይጠይቁኛል ብለው ጠበቁ፤ ቢጠይቋቸው እሺ ሊሉ ቆርጠው ነበር። አልጠየቋቸውም። እናታቸውም ከራሳቸው መጀመር አፍረው ዝም አሉ። ይህ ዝምታ የእናት ጥፋት ነው እንጂ የልጅ አይደለም።

ወይዘሮ እስከዳር ጓንጉል ጥቅምት 11 ቀን 2018 ዓ.ም. በተወለዱ በ36 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም አረፉ። እናታቸውን ወይዘሮ ሸዋርካብሽ ተሰማን፣ ባለቤታቸውን አቶ ቶማስ ኃይለልዑልን፣ የሁለተኛ ክፍል ተማሪ የሆነችውን ልጃቸውን ሶሊን፣ አሠሪያቸውን አቶ ሶሬሳንና ስማቸውን እንጂ መልካቸውን አይተው የማያውቁ ብዙ የሥራ ባልደረቦችን ትተው ሄደዋል። ከእነዚህ ባልደረቦች አንዱ አቶ ዘመንፈስቅዱስ ትናንት ከባሕር ዳር ተሳፍረው መጥተው አሁን በመካከላችን ቆመዋል። ሳምራዊትም ከአስከሬኑ አጠገብ ናት።

ይህን ወረቀት የጻፉት እናታቸው ወይዘሮ ሸዋርካብሽ ራሳቸው ናቸው፤ በሁለት መቶ ቅጂም ታትሟል። ስለዚህ የሚከተለው በታተመ ነገር ላይ የተጻፈ ሆኖ እንዲቆጠር፣ እድርተኛውም በጆሮው እንዲሰማ ይሁን። ወይዘሮ ሸዋርካብሽ ተሰማ በልጃቸውም በሬዲዮም ፊት የተናገሩት ትክክል አልነበረም። የመሳለሚያን ቦኖ አቤት ብለው ያስተከሉት ወይዘሮ ሠርኬ ወልዴና አርባ የሰፈር ሴቶች ናቸው። ወይዘሮ አልጋነሽ ደስታ ከእነሱ መካከል አሥራ ሰባተኛዋ ፈራሚ ነበሩ፤ በኋላም ቦኖውን በታማኝነት ጠብቀዋል። አልጋነሽ ራሳቸው በሕይወት ሳሉ «እኔ አስመጣሁት» ብለው ተናግረው አያውቁም። የጨመሩት ወይዘሮ ሸዋርካብሽ ናቸው፤ የጨመሩትም ልጃቸው ስትጽፍላቸው ደስ ስላላቸው ነው። እስከዳር በዚህ ነገር ምንም ጥፋት የለባቸውም፤ ሊያቀኑት ሦስት ዓመት ደክመዋል። የአርባ አንዱም ሴቶች ስም በዚህ ወረቀት ጀርባ ላይ በተራ ቁጥራቸው ተጽፏል። አቶ ዘመንፈስቅዱስ ይህን ቅጂ ይዘው እንዲሄዱ እንለምናለን፤ ይበቃ እንደሆነ አናውቅም፤ የማይበቃ ከሆነ ምን እንደሚጎድል ይንገሩን፣ እናመጣለን።

የሕይወት ውሃ ባለቤት የሆነ አምላክ የሠርኬ ወልዴን ነፍስ፣ የአልጋነሽ ደስታን ነፍስ፣ የእስከዳር ጓንጉልንም ነፍስ በየተራቸው ጠርቶ፣ አንዳቸውንም ሳይዘልል፣ በዕረፍቱ ውሃ ዘንድ ያኑርልን። ለእናት፣ ለባልና ለልጅ መጽናናትን ይስጥልን። አሜን።